ለቃጭል ያጎነበሰውን ሰው የመታሁ ዕለት

ቦክሰኛ እንደነበርኩ ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው አፍንጫዬን ነው። ቀጥ ማለቱን ካየ በኋላ «ባክህ ተወን» ብሎ ይስቃል። እውነት አላቸው፣ ብዙ አልተመታሁም። እኔ ከመታኋቸውም የብዙዎቹን ስም ረስቻለሁ። አንዱን ግን እስክሞት አልረሳውም። እሱን የመታሁበትን ቀንና ማግስቱን ልንገራችሁ። ልጆቼ ደጋግሜ ነግሬያቸው ሰልችቷቸዋል፤ እናንተ ግን ገና አልሰማችሁምና ትታገሱኛላችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ ያኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝምና ከጎንደር ከሚመጡት የጭነት መኪኖች ላይ ጨውና ስኳር አወርድ፣ እህል እጭን ነበር። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ በገበያ ቀን በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። አብረውኝ ከተማሩት ግማሾቹ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምለው ሄደዋል፤ የቀሩት የት እንደገቡ ጮክ ተብሎ አይጠየቅም። የእኔም ተራ ሩቅ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

አንሴልሞ ወደ እኛ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ኩባዊ ነው፤ ኦሎምፒክ ላይ በቦክስ ወርቅ ያጠለቀ ሰው ነው ሲሉን አላመንንም። የኦሎምፒክ አሸናፊ ደባርቅ ድረስ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ሰገነት ላይ ቆሞ፣ ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ሆኖ የተነሳውን ፎቶግራፍ ካሳየን በኋላ ነው አፋችንን የዘጋነው። ጎንደር ሆኖ የክፍለ ሀገሩን ወጣቶች እንዲያሠለጥን ነበር የተላከው። በየሳምንቱ ሁለት ቀን በላንድሮቨር እየመጣ፣ ቀበሌው በለቀቀልን መጋዘን ውስጥ አሸዋ የሞላ ጆንያ ሰቅሎ ያሠለጥነን ነበር።

አማርኛውን የለመደው ከሾፌሮች ነው። ስለዚህ ሽማግሌውንም ቄሱንም የቀበሌውን ሊቀመንበርም «አንተ» ነበር የሚለው። መጀመሪያ የደነገጡበት ሽማግሌዎች በኋላ ለመዱት፤ እንዲያውም ሲያገኙት ሆን ብለው «እንዴት አደርክ በለን እስቲ» እያሉ ይስቁ ነበር።

እኔን ወደደኝ። ለምን እንደወደደኝ እንጃ፤ ምናልባት እሱም በልጅነቱ ወደብ ላይ ከረጢት ይሸከም ስለነበር ይሆናል። ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንደኛው እጄን ከፊቴ እንዳላወርድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እሱ ከማዕዘን ሆኖ «አሁን!» ሲለኝ ሳላስብ እንድመታ። ከሦስት ወር በኋላ «አሁን!» የሚለውን ድምፁን ስሰማ ቀኝ እጄ ከእኔ ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚሄድ ሆነ።

በመጨረሻ የቦክሰኞች ምርጫ ቀን ደረሰ። ዳባት ላይ በሚደረገው ግጥሚያ ያሸነፈ አዲስ አበባ ሄዶ ብሔራዊ ቡድኑን ይቀላቀላል ተባለ። ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደነበር ይገባችኋል ብዬ አምናለሁ። ጦር ሜዳ ሳይሆን አዲስ አበባ መግባት፣ ምናልባትም አንድ ቀን እንደ አንሴልሞ ሰገነት ላይ መውጣት ማለት ነበር። ከእናቴ በቀር ከዚህ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ተጋጣሚዬ ፈንታሁን ይባላል። ከዳባት ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ ዳዊት ደግሟል፣ ድቁና ተቀብሏል፤ ከዚያ ነው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባው። ጠዋት ሲመዝኑን ከጎኔ ቆሞ «እናትህ ደኅና ናቸው? እኔ'ኮ በርበሬ ከሳቸው ገዝቻለሁ» አለኝ። ከሚመታኝ ሰው ደግ ቃል መስማት አልፈለግሁምና አልመለስኩለትም።

ሜዳው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። አራት የባሕር ዛፍ ግንድ ተተክሎ በጭነት መኪና ገመድ ታጥሯል። ባለሥልጣኖቹ ወንበር ላይ፣ ሕዝቡ መሬት ላይ። ከሜዳው በታች ወደ መንደር የሚወስድ መንገድ ያልፋል። ዙሩ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በፊሽካ ነው።

መጀመሪያው ዙር የፈንታሁን ነበር። እጁ ረጅም ነው፤ ሁለት ጊዜ ግንባሬ ላይ ቡጢ አስቀመጠልኝ። አንሴልሞ ፊቴን በፎጣ እየጠረገ «አትቸኩል፣ ይደክማል» አለኝ። በሁለተኛው ዙር በእርግጥ ደከመ፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ግን እጁን አያወርድም።

በዚህ መካከል ነው ቃጭል የተሰማው። ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሴ አልቆ አንድ ቄስና አንድ ዲያቆን ታሞ ለተኛ ሰው ሥጋ ወደሙ ይዘው በታችኛው መንገድ እየሄዱ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን ማንም ሰው ያለበት ይቆማል፣ ጎንበስ ይላል፤ ሸክም ያለው ሸክሙን ያወርዳል። ካድሬ ያለበት ስብሰባም ቢሆን ልማድ ልማድ ነው። ሕዝቡ ተነሳ። ባርኔጣ ወለቀ። ዳኛው እንኳ ፊሽካውን አፉ ላይ እንደያዘ ወደዚያ ዞረ።

ፈንታሁን እጁን አወረደ። ጓንቱን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ።

አንሴልሞ የአገራችንን ልማድ አያውቅም። እሱ ያየው እጁን ያወረደ ቦክሰኛ ነው። «አሁን!» ብሎ ጮኸ። እኔም መታሁ።

ቃጭሉን ሰምቼ ነበር። ይህን ዛሬ ቀለል አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ግን ለሰው ለመናገር አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቶብኛል። ከቃጭሉ እስከ «አሁን!» ድረስ እጄን ለማቆም የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። አዲስ አበባ ፊቴ ላይ ድቅን አለችና አላቆምኩም።

ግራ ጆሮው አካባቢ ነው ያረፈበት። በጎኑ ወደቀ፣ ጭንቅላቱም ከማዕዘኑ ግንድ ጋር ተጋጨ። ያ ሁሉ ሕዝብ አልጮኸም። ከዚያ አንዲት ሴት «ለሥጋ ወደሙ ያጎነበሰን ሰው!» ስትል ሰማሁ። ሕዝቡ ወደ ገመዱ መጣ። አንሴልሞ ወደ ፈንታሁን ሮጠ፤ እኔ ደግሞ ወደ ሌላው አቅጣጫ ሮጥኩ። ጓንቴን በጥርሴ እየፈታሁ ዋናው መንገድ ላይ ወጣሁና ወደ ደባርቅ ከሚሄድ የጭነት መኪና ኋላ ተንጠለጠልኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ነበር። «ሞቷል?» ብቻ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ጎረቤቶች እየመጡ መከሩኝ። አንዱ ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ፣ ዘመድ አለኝ፣ እዚያ ላሻግርህ አለ። ሌላው ደረስጌ ገብተህ ቤተ ክርስቲያን ተጠጋ አለ። በእኛ አገር ሰው ከሞተ ነገሩ በፍርድ ቤት ብቻ እንደማያልቅ እናንተም ታውቃላችሁ። የሟች ወንድም አለ፣ የአጎት ልጅ አለ፤ ደም ይፈላለጋል። የፈንታሁን ታላቅ ወንድም ደግሞ የገበሬ ታጣቂ ነው፣ መሣሪያ አለው። በማግስቱ ወደ ቡይት ራስ ልሻገር ወስኜ ስንቄን ቋጠርኩ።

እሑድ ማለዳ የላንድሮቨር ድምፅ ሰማን። አንሴልሞ ብቻውን ገባ። ትናንት የለበሰውን ቱታ አልቀየረም፤ ደረቱ ላይ ደም አለ።

«ይተነፍሳል» አለኝ። «አይነቃም።»

ዳባት ጤና ጣቢያ ተኝቷል። ጎንደር ሆስፒታል እንዳይወሰድ መንገዱ ለደኅንነት ተብሎ ተዘግቷል፤ ፈቃድ እየጠበቁ ነው። አንሴልሞ እዚያው ሲጠብቅ አድሮ ነው የመጣው። የቋጠርኩትን ስንቅ አየ።

«የት ትሄዳለህ?»

«ተራራ።»

ተቀመጠ። እናቴ ውኃ ሰጠችው፣ ጠጣ። ከዚያ ያወራኝን አማርኛውን አቃንቼ ነው የምነግራችሁ፤ እሱ ሲናገረው ግማሹ በእጅ ነበር።

አባቱ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። እሱ ወደብ ላይ ከረጢት ሲሸከም አንድ አሠልጣኝ አየው። የመጀመሪያዎቹን አራት ግጥሚያዎች ተሸነፈ። አምስተኛውን ሲያሸንፍ እናቱ አላመነችም፤ የሌላ ሰው ድል የራሱ አድርጎ የሚያወራ መሰላት። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል የሚያቆመው አልተገኘም። ኦሎምፒክ ሄደ፣ ወርቅ አጠለቀ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በሰው ትከሻ ላይ አወረዱት። እዚህ ድረስ ፎቶግራፉን ያየን እኛም የምናውቀው ነው። ፎቶግራፉ ላይ የሌለውን ነው ከዚያ የነገረኝ።

«ከወርቁ በኋላ፣ አገሬ ውስጥ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ገጠምኩ» አለ። «ጥሩ ልጅ ነበር። መታሁት፣ ወደቀ። ሕጉን አልጣስኩም፣ ዳኛውም ትክክል ነው አለ። ልጁ ሦስት ቀን ተኝቶ ቆየ። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ አክስቴ ቤት ተደበቅሁ። ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ። በአራተኛው ቀን ሞተ። ከቀብር በኋላ ሄድኩ፤ አባቱ በሩን አልከፈተልኝም። በየዓመቱ ሄጃለሁ። አልከፈተም።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጠዋለች።

«ከዚያ ቦክስ ተውኩ። ማሠልጠን ብቻ። ሩቅ አገር ላኩኝ አልኳቸው፣ ላኩኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ያ አባት በሩን ያልከፈተው ስለመታሁት አይመስለኝም። ስለዘገየሁ ነው። አንተ ዛሬ ና።»

ፈሪ ነኝ፣ አልዋሻችሁም። እግሬ ቡይት ራስን ነበር የሚያስበው። እናቴ ግን ተነሳች። ከአጥሩ ሥር ወፍጮ ያህል የሚከብድ ድንጋይ መርጣ አነሳችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«ይህን ተሸክመህ ትሄዳለህ» አለችኝ። «ከዳነ በኋላ ብትሄድ እንኳን ደስ ያላችሁ ባይ እንጂ ይቅርታ ጠያቂ አትሆንም።»

አንሴልሞ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ጠየቀ። የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ እንደሚቆም፣ አውርድ እስኪባልም እንደማያወርድ ነገርኩት። ከዚያ ወጣና አጥሩን ዞሮ ከእኔው ድንጋይ የሚበልጥ ይዞ ተመለሰ።

«አንተ ምን አጠፋህና?» አለችው እናቴ።

«‹አሁን› ያልኩት እኔ ነኝ» አላት።

ዳባት ስንደርስ መኪናውን ከጤና ጣቢያው ራቅ አድርጎ አቆመ። ከዚያ በእግር። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ትቀድመናለች፤ እኔና የኦሎምፒኩ አሸናፊ ድንጋያችንን ማጅራታችን ላይ አድርገን አንገታችንን ደፍተን እንከተላታለን። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው መንገድ ለቀቀልን። የሰደበን የለም፤ ሰላም ያለንም የለም።

የጤና ጣቢያው ደጅ በፈንታሁን ዘመዶች ተሞልቷል። ታላቅ ወንድሙ ገና ሲያየኝ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እግሩን እንጂ ፊቱን አላየሁትም፤ ቀና ማለት አይፈቀድልኝማ። የጠመንጃው አፈሙዝ ደረቴ ፊት ሲቆም ታየኝ።

«ተው» አሉ አንድ ሽማግሌ። የፈንታሁን አባት አቶ ይርጋ ናቸው። «ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይነካም።» ከዚያ ለእኔ «ምን ልትል መጣህ?» አሉኝ።

በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። በስሕተት ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ሰይጣን ነው የሚል። አንዱም አልወጣኝም።

«ቃጭሉን ሰምቼ ነበር» አልኳቸው። «ሰምቼ ነው የመታሁት።»

ሴቶቹ እሪ አሉ። ወንድሙ ሊዘል ሲል ያዙት። አንሴልሞ ከጎኔ ተናገረ፤ «እሱ አይደለም። እኔ ነኝ ‹አሁን› ያልኩት። አንተ እኔን ጠይቅ።»

«እሱ ልማዳችንን አያውቅም» አልኩ። «እኔ አውቃለሁ።»

«እጁን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ።»

«እጁ የእኔ ነው።»

አቶ ይርጋ አዳመጡን። በሕይወታቸው ብዙ ክርክር ዳኝተዋል፤ እንዲህ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ የለም እኔ ነኝ የሚል ክርክር ግን ገጥሟቸው እንደማያውቅ በኋላ ነግረውኛል። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፤

«የተመታሁት እኔ አይደለሁም። አውርዱ የሚላችሁ የተመታው ነው። ከነቃ ይበላችሁ። ካልነቃ ግን እናንተም እኛም ወዮልን።» ይህን ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ቆምን። ፀሐይዋ ከረረች። አንድ ሰዓት ያህል ሲያልፍ አንገቴ መደንዘዝ ጀመረ። አንሴልሞ በሹክሹክታ «ተንፍስ፣ በአፍንጫህ ተንፍስ» ይለኛል፤ ልክ በዙር መካከል እንደሚለኝ። ላቡ በአገጩ እየወረደ መሬቱን ያረጥበዋል። ትናንት ቁርባኑን ይዘው ሲያልፉ የነበሩት ቄስ ቅዳሴ አድርሰው መጡ፤ አጠገባችን ቆመው ውዳሴ ማርያም ደገሙ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል መሬት ላይ ተቀምጣ ከፈንታሁን እናት ጋር ታለቅሳለች። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው የሚያለቅሱ ይመስላሉ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። እመኑኝ፣ ሞተ ብዬ ነው ያሰብኩት። ድንጋዩ ከእጄ ሊያመልጥ ሲል አንሴልሞ በክርኑ ደገፈኝ። በሩ ተከፈተ፤ አቶ ይርጋ ወጡ። ቃል እስኪያወጡ ድረስ ያለችው ጊዜ በሕይወቴ ከኖርኩት ሁሉ ትረዝማለች።

«ነቅቷል» አሉ። «ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የጠየቀኝ ‹ቁርባኑ ከታማሚው ቤት ደረሰ?› ብሎ ነው። ማን መታኝ አላለም። ደርሷል አልኩት። ከዚያ ሁለት ሰዎች ድንጋይ ተሸክመው ደጅ ላይ ቆመዋል ብዬ ብነግረው፣ ‹ፀሐይ ላይ? ምነው ጥላ አላስያዛችኋቸውም?› ብሎ ተቆጣኝ። አውርዱ ብሏችኋል።»

እኔ አወረድኩ፤ ድንጋዩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። አንሴልሞ ግን አላወረደም። ሰምቷል፣ ገብቶታልም፤ ግን እንደቆመ ቀረ። ሁለት ሦስት ሰዎች «አውርድ፣ ጌታው፣ አልቋል» አሉት። አልሰማቸውም። አቶ ይርጋ ጠጋ ብለው ፊቱን ጎንበስ ብለው አዩት። ምን እንዳዩበት አላውቅም። ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው፣ በሽማግሌ እጃቸው ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ ራሳቸው አነሱለት። ያ ኦሎምፒክ ላይ ማንም ያላንበረከከው ሰው እግራቸው ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሳቸውም ራሱን እየዳበሱ «በቃ ልጄ፣ በቃ» አሉት።

በዚያው ቀን ከሰዓት መንገዱ ተከፈተ፤ ፈንታሁን በአንሴልሞ መኪና ጎንደር ሆስፒታል ገባ። እኔም አብሬ ሄድኩ። ውኃ ማቅረብ፣ ልብስ ማጠብ፣ ደግፎ ማስነሳት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአልጋው አልተለየሁም። አሸንፈሃልና አዲስ አበባ ሂድ ተባልኩ፤ አልሄድኩም። የሆስፒታሉ ሰዎች አያያዜን አይተው ለጤና ረዳትነት ሥልጠና አስመዘገቡኝ። ከውትድርና ያተረፈኝም፣ እንጀራ የሰጠኝም፣ ሠላሳ ዓመት ከደባርቅ እስከ ደረስጌ በእግሬ ያዞረኝም ይኸው ሥራ ነው። አንሴልሞ ባመቱ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲሰናበተኝ «መጀመሪያ ወደዚያ አባት ቤት ነው የምሄደው» አለኝ። በሩ ተከፍቶለት እንደሆን አላውቅም። ተከፍቶለታል ብዬ ማሰብ ደስ ይለኛል።

አንባቢዎቼ፣ ጥፋት አጥፍታችሁ እግራችሁ ወደ ተራራ የሚያስብባት ሰዓት በእናንተም ላይ መጥታ ይሆናል። ሁላችሁም የእኔ ዓይነት እናትና የእኔ ዓይነት አሠልጣኝ ይኑራችሁ ብዬ እመኛለሁ። እኔ የማመሰግነው ስለዳነልኝ ብቻ አይደለም፤ መዳኑን ሳላውቅ ስላስኬዱኝ ነው።

ፈንታሁን የመጀመሪያ ልጄ የክርስትና አባት ነው። ዳባት ውስጥ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። የግራ ጆሮው ከዚያን ቀን ጀምሮ አይሰማም። ምን ሆነህ ነው ብለው ሲጠይቁት «ከልጅነቴ ነው» ይላል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ። አብረን ስንሄድ ታዲያ ሁልጊዜ በቀኙ በኩል እሆናለሁ።